የፕሮግራም መለያ ቁጥር ብቻውን የማይታመንበት ምክንያት

በሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር ላይ በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ባለሙያው ችግር የፈጠረን ፕሮግራም ከትእዛዝ መስመር የሚያስቆመውም በአብዛኛው በዚሁ ቁጥር ነው።

ይሁንና ቁጥሩ እንደ ሠራተኛ መታወቂያ ቋሚ አይደለም። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ቁጥሩ ይለቀቃል፤ ቆጠራው ጣሪያው ላይ ሲደርስም እንደገና ከታች ጀምሮ ለሌላ ይታደላል። ለረጅም ዘመን የተለመደው ጣሪያ 32 ሺህ 768 ሲሆን፣ በ64 ቢት ማሽኖች እስከ 4 ሚሊዮን 194 ሺህ 304 ከፍ ሊደረግ ይችላል። በመሆኑም ጠዋት በማስታወሻ የተያዘን ቁጥር ከሰዓት በኋላ ሳያጣሩ መጠቀም፣ የተበላሸውን ፕሮግራም ትቶ የደመወዝ መረጃ በመመዝገብ ላይ የሚገኘውን ዳታቤዝ ሊያስቆም ይችላል። ቁጥር ብቻ የሰፈረበት የማስቆሚያ ጥያቄም ስለዚህ በቂ አይደለም።

ቁጥሩ ከፕሮግራሙ መነሻ ጊዜ ጋር ተጣምሮ መያዝ ይኖርበታል። ይህ ጊዜ «ፕሮክ» በተሰኘው ማውጫ፣ በፕሮግራሙ ቁጥር ሥር ባለው «ስታት» ፋይል 22ኛ ቦታ ላይ ይገኛል። የሚሰላው ማሽኑ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ በመሆኑ፣ ማሽኑ በተነሳ ጊዜ ሁሉ የሚለወጠው የማስነሻ መለያም አብሮ ይመዘገባል።

ኔምስፔስ በሚባሉት የተከለሉ ክፍሎች ጉዳዩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሊኑክስ 2.6.24 ወዲህ በአንድ ማሽን ላይ በርካታ የቁጥር ክፍሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር 1 አለው። ክፍሎቹን «ኤልኤስኤንኤስ» የተሰኘው ትእዛዝ ከየአይኖድ ቁጥራቸው ጋር ይዘረዝራል።