የግብር ማስታወቂያና የወረርሽኝ ጊዜ እርዳታ
በአሜሪካ ለግለሰቦችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተሰጠው ገንዘብ በምን ይለካ እንደ ነበር

ግብር ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ነገር ግን ግብር ከፋዩ በየዓመቱ ገቢውንና ወጪውን ጽፎ የሚያቀርበው ማስታወቂያ የዕዳ መቁጠሪያ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ሰውየው ማን እንደ ሆነ፥ የት እንደሚኖር፥ ስንት ልጆች እንዳሉትና በምን ሥራ እንደሚተዳደር የሚያውቅበት መዝገብም ነው። ይህ ሁለተኛው ጥቅሙ በደኅናው ጊዜ እምብዛም አይታሰብም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሱቁንም መንገዱንም በዘጋ ጊዜ ግን ጎልቶ ታየ።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ2020ና በ2021 የተሰጠው እርዳታ በግብር ማስታወቂያ አማካይነት እንዴት እንደ ተከፋፈለ፥ ለማን እንደ ደረሰና ማንን እንዳለፈ ነው። ይህን አገር የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ እርዳታው ብዙና ልዩ ልዩ ስለ ነበረ ለጥናት ይመቻል። ሁለተኛ፥ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ በመንዳትና ምግብ ቤት በመክፈት የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ስላሉ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በመጨረሻም በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ከተደረገው ጋር በአጭሩ እናመሳክረዋለን። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ የግብር ወራት መተላለፍ

በአሜሪካ ሕግ ግለሰብ ያለፈውን ዓመት ገቢውን የሚያስታውቅበት የመጨረሻ ቀን እንደ ልማዱ ኤፕሪል 15 ነው። በ2020 ይህ ቀን ወደ ጁላይ 15፥ በ2021 ደግሞ ወደ ሜይ 17 ተላለፈ። ማስታወቂያውን ማቅረብ ብቻ ሳይሆን ዕዳውን መክፈልም አብሮ ስለ ተላለፈ በመካከሉ ላለው ጊዜ ቅጣትና ወለድ አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ደመወዝተኛ ግብሩ ደመወዝ በተከፈለው ቁጥር ከደመወዙ ላይ ይቀነስበታል። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን ግብሩን ራሱ ገምቶ በዓመት አራት ጊዜ ይከፍላል። በ2020 በኤፕሪልና በጁን ይከፈሉ የነበሩት ሁለቱ ክፍያዎች ወደ ጁላይ 15 ተላልፈዋል። በ2021 ግን የኤፕሪል 15 ክፍያ አልተላለፈም፤ ስለዚህ «ቀኑ ተራዝሟል» የሚለውን ወሬ ብቻ ሰምቶ የተቀመጠ ባለታክሲ ሳያውቀው ለቅጣት ይጋለጥ ነበር። ቀን ማስተላለፍም ዕዳን መማር እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም፤ የጊዜ ፋታ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም።

ለ/ ለግለሰቦች የተሰጠው ገንዘብ

ማርች 27 ቀን 2020 በተፈረመው ሕግ መሠረት ለአንድ ጎልማሳ 1,200 ዶላር፥ 17 ዓመት ላልሞላው ልጅ 500 ዶላር ተመደበ። የዓመት ገቢው ከ75,000 ዶላር በላይ ለሆነ ነጠላ ሰው ከዚያ በላይ ባለው በየመቶው ዶላር 5 ዶላር ይቀነስበት ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ ለእያንዳንዱ ሰው 600 ዶላር፥ ማርች 11 ቀን 2021 በወጣው ሕግ ደግሞ 1,400 ዶላር ተጨመረ።

ይህን ገንዘብ ያከፋፈለው የግብር መሥሪያ ቤቱ፥ ማለት በተለምዶ አይ አር ኤስ የሚባለው ነው። ለመጀመሪያው ክፍያ የ2019ን ማስታወቂያ፥ እርሱ ካልቀረበ የ2018ን ተመለከተ። በወረቀቱ ላይ የባንክ ቁጥሩን የጻፈ ሰው ገንዘቡ ማመልከቻ ሳያስገባ በቀጥታ ገባለት። ገቢው አነስተኛ በመሆኑ ማስታወቂያ የማቅረብ ግዴታ ያልነበረበት ሰው ግን የጡረታ አበል የሚቀበል ካልሆነ በቀር መሥሪያ ቤቱ አያውቀውም ነበር። ለእንዲህ ያሉት ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት ልዩ መንገድ ተከፈተላቸው፤ ይሁን እንጂ መንገዱ መኖሩን መስማት ራሱ ዕውቀትን ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ እርዳታው እጅግ ለሚያስፈልገው ሰው ለመድረስ ረዥሙን መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ሌሎችም የታለፉ ነበሩ። የመጀመሪያው ሕግ ባልና ሚስት አብረው ሲያስታውቁ ሁለቱም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንዲኖራቸው አስገደደ። አንደኛው በግብር መለያ ቁጥር ብቻ የሚታወቅ ከሆነ፥ ከጦር ሠራዊት አባላት በቀር፥ ቁጥር ያለው የትዳር ጓደኛም ልጆቹም ሳይቀበሉ ቀሩ። የዲሴምበሩ ሕግ ይህን አቃንቶ ቁጥር ላላቸው የቤተሰቡ አባላት የቀረባቸውን እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው። በወላጆቻቸው ማስታወቂያ ላይ እንደ ጥገኛ የተጻፉ የኮሌጅ ተማሪዎችም ለራሳቸውም ሆነ በወላጆቻቸው በኩል በሁለቱ ዙር ምንም አላገኙም፤ በሦስተኛው ዙር ብቻ ለጥገኛ ሁሉ ያለ ዕድሜ ገደብ ተሰጠ።

የቀረበትን ገንዘብ ለመጠየቅ መንገዱ አሁንም የግብር ማስታወቂያው ነበር። ያልደረሱት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ክፍያዎች በ2020 ማስታወቂያ፥ ሦስተኛው በ2021 ማስታወቂያ ላይ ይጠየቁ ነበር። የጊዜ ገደባቸው በሜይ 2024ና በኤፕሪል 2025 አልፏል።

ሐ/ የአነስተኛ ነጋዴው ብድር

ለነጋዴዎች ከተሰጡት እርዳታዎች ዋነኛው ፒ ፒ ፒ የተባለው የደመወዝ ማስጠበቂያ ብድር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነጋዴው የሁለት ወር ተኩል ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ በባንክ በኩል ይበደራል፤ ከገንዘቡ ቢያንስ 60 በመቶውን ለሠራተኞቹ ደመወዝ፥ የቀረውን ለኪራይና ለመሳሰለው ካዋለ ዕዳው ይማርለታል። በመጀመሪያ ለደመወዝ የተጠየቀው 75 በመቶ ነበር፤ በጁን 2020 በወጣ ሕግ ተቀነሰ። ያልተማረው ዕዳ በ1 በመቶ ወለድ ይከፈላል። የተማረው ብድር እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዳይከፈልበት፥ በእርሱ የተሸፈነውም ወጪ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ በኋላ በሕግ ተረጋገጠ።

የተመደበው 349 ቢሊዮን ዶላር ኤፕሪል 16 ቀን 2020 አለቀ። ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ማመልከት የጀመሩት በኤፕሪል 3 ሲሆን፥ በግላቸው በኮንትራት የሚሠሩት እንዲያመለክቱ የተፈቀደላቸው በኤፕሪል 10 ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ ከማለቁ በፊት የቀራቸው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ብዙ ባንኮችም ቀድሞ የንግድ ሒሳብ የነበራቸውን ደንበኞች አስቀደሙ። በኤፕሪል 24 ሌላ 310 ቢሊዮን ዶላር ስለ ተጨመረ በሩ ዳግመኛ ተከፈተ።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የምንፈልገው የስሌቱ ነገር ነው። ሠራተኛ የሌለው ባለታክሲ ደመወዝ የሚከፍለው ለማን ነው? ሕጉ «የእርሱ ደመወዝ በ2019 ያገኘው የተጣራ ትርፍ ነው» አለ። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጂ በ2019 ከተሳፋሪዎች 60,000 ዶላር ተቀበለ እንበል። ለቤንዚን፥ ለኢንሹራንስ፥ ለጥገናና ለመሳሰለው 42,000 ዶላር አወጣ። የተጣራ ትርፉ 18,000 ነው። ይህ ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 1,500፥ በሁለት ተኩል ሲባዛ 3,750 ዶላር ይሆናል፤ ሊበደር የሚችለው ይህን ያህል ብቻ ነው። የመኪናው ኢንሹራንስና ዕዳ ግን ተሳፋሪ በጠፋበት ወርም አልቆመለትም።

ነጂው ወጪውን መቀነሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕግ የሰጠው መብት ነው። በደኅናው ጊዜ ግብሩን ያቃለለለት ያው የተጣራ ትርፍ በመከራው ጊዜ እርዳታውን አሳነሰበት። ወጪው ከገቢው የበለጠበት ሰውማ ምንም አይደርሰውም ነበር። ይህ ጉድለት ስለ ታየ በማርች 2021 ስሌቱ ተለውጦ ጠቅላላ ገቢን መሠረት ማድረግ ተፈቀደ። በአዲሱ ስሌት ከላይ የጠቀስነው ነጂ 12,500 ዶላር ሊበደር ይችላል። ሆኖም ቀድመው በአሮጌው ስሌት የተበደሩት ብድራቸው እንዲታረምላቸው አልተፈቀደም፤ ፕሮግራሙም ሜይ 31 ቀን 2021 ተዘጋ። ቀድሞ የመጣው ተጎድቶ ዘግይቶ የመጣው የተጠቀመበት ሁኔታ ነው።

መ/ የሥራ አጥ ክፍያ

በግሉ የሚሠራ ሰው በአሜሪካ እንደ ወትሮው የሥራ አጥ ክፍያ አይሰጠውም። በ2020 ግን በልዩ ሕግ ተፈቀደለት፤ እስከ ጁላይ መጨረሻም በሳምንት 600 ዶላር ተጨምሮበት ነበር። ለባለታክሲውና ለፀጉር አስተካካዩ ይህ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ነገር ግን ይህ ክፍያ ከላይ ከተነገረው የ1,200 ዶላር ስጦታ የተለየ ነው፤ ስጦታው ግብር አይከፈልበትም፥ የሥራ አጥ ክፍያ ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ግብሩ በቅድሚያ ሳይቀነስለት ተቀብሎ ስለ በላው በ2021 የግብር ወራት ዕዳ ጠበቀው። የማርች 2021 ሕግ ገቢያቸው ከ150,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰዎች በ2020 ከተቀበሉት እስከ 10,200 ዶላር ድረስ ከግብር ነጻ አደረገ። ሕጉ የወጣው ብዙዎች ማስታወቂያቸውን ካቀረቡ በኋላ ስለ ሆነ መሥሪያ ቤቱ ሒሳቡን ራሱ እያረመ ትርፉን መለሰ።

ሠ/ ከአገራችን ጋር ማመሳከር

በአገራችን በሽታው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ መንግሥት በሚያዝያ ወር የወሰነው ገንዘብ ማደልን ሳይሆን ዕዳን ማቃለልን ነበር። እስከ 2007 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ዕዳ ተማረ፤ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ዕዳ ወለድና ቅጣት ተነሣ፤ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራቸው ቆሞ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል ላላቋረጡ ድርጅቶችም የአራት ወር የደመወዝ ግብር ቀረላቸው።

መንገዱ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። በግብር መሥሪያ ቤት ፋይል ያለው ሰው እፎይታ አገኘ። የጉሊት ቸርቻሪዋ፥ ሊስትሮውና የቀን ሠራተኛው ግን የሚማር የግብር ዕዳም ሆነ የሚቀርላቸው የደመወዝ ግብር ስለሌላቸው ውሳኔው በቀጥታ አልነካቸውም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው ሕግ የደረጃ ሐ ግብር ከፋይም የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም፤ ግብሩ በግምት ይወሰንበት ነበር። መዝገብ አለመያዝ ከድካም ያድናል፤ ነገር ግን በክፉ ቀን «ይህን ያህል አጥቻለሁ» ብሎ ማስረዳትን ያስቸግራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ግብር ከፋዩን ይመለከታል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ገቢው ትንሽም ቢሆን በጊዜው ያስታወቀ፥ ደረሰኙን ያስቀመጠና አድራሻውን ያደሰ ሰው እርዳታ ሲመጣ በቶሎ ይገኛል።

ሁለተኛው ሕግ አውጪውን ይመለከታል። የግብር መዝገብ ሰውን ለማግኘት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የችግሩን መጠን ለመለካት ግን ጎደሎ ሚዛን ነው። የተጣራ ትርፍ የተበጀው ግብርን ለመተመን እንጂ ቤተሰብ በወር ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ያለውን በፍጥነት እየረዱ፥ ከመዝገቡ ውጭ ያለውን ደግሞ በቀበሌ፥ በዕድርና በመሳሰለው ማኅበር በኩል መፈለግ ተገቢ ይመስለናል። ይህም እንዴት ሊደረግ እንደሚችል ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች በየሰፈሩ እየዞሩ ቢያጠኑት ለአገር የሚጠቅም ሥራ ይሆናል ብለን እናምናለን።