መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ መለካት

መድኃኒትን በፖሊመር ጭኖ ወደታመመው አካል የመላክ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄልሙት ሪንግስዶርፍ መድኃኒትን ከፖሊመር ሰንሰለት ጋር የማያያዝ ንድፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። በ1995 ደግሞ ዶክሲል በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የያዘ፣ ላዩ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የለበሰ የስብ ከረጢት ነው። ደቡብ ኮሪያም ፓክሊታክሰል የተባለውን ሌላ የካንሰር መድኃኒት የሚሸከም የፖሊመር ሚሴል፣ ማለትም ሰንሰለቶቹ በፈሳሽ ውስጥ ተሰብስበው የሚሠሩት ጥቃቅን እንክብል፣ ለሕክምና አውላለች። ዛሬ ሚሴሉም፣ ውስጠ ክፍቱ ፖሊመርሶምም፣ ቅርንጫፋሙ ዴንድሪመርም በየቤተ ሙከራው ይሠራል። ያስቸገረው መሥራቱ ሳይሆን የተሠራውን ማወቁ ነው።

ከአንድ ቅልቅል አንድ ዓይነት ቅንጣት ብቻ አይወጣምና። ሚሴሉ፣ ከረጢቱ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀው ጓል፣ ያልተያያዘው ፖሊመርና ያመለጠው መድኃኒት በአንድ ብልቃጥ ይገኛሉ። በሰውነት ውስጥ ግን መጠን ይወስናል፤ በጣም ትንሹን ኩላሊት ያስወጣዋል፤ ትልቁን ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል።

ብዙዎች የሚሮጡት ወደ ሌዘር ብርሃን መበተኛ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ አማካይ መጠን ይሰጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጣም የሚያንሱ ቅንጣቶች የሚበትኑት ብርሃን በዲያሜትራቸው ስድስተኛ ርቢ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ባለ50 ናኖሜትር ቅንጣት የአንድ ሚሊዮን ባለ5 ናኖሜትር ቅንጣቶችን ያህል ያበራል። ጥቂት ጓል ካለ ብዙኃኑ ይሰወራል። አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ጥናት፣ በእኔ እምነት፣ ገና አልተጠናቀቀም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅርጹን ያሳያል፤ ናሙናው ከደረቀ ግን ለስላሳው ከረጢት ይጨማደዳል። በፍጥነት አቀዝቅዞ ማየት ይህን ያስቀራል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው።

መፍትሔው አስቀድሞ መለየት ነው። በቀዳዳማ ቅንጣቶች የታጨቀው የክሮማቶግራፊ ዓምድ ለተራ ፖሊመር ይበቃል፤ ደካማ ትስስር ያለው መዋቅር ግን በውስጡ ሊጣበቅ ወይም ሊበታተን ይችላል። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ካልቪን ጊዲንግስ በ1966 ያቀረበው ሐሳብ ዓምዱን ከነአካቴው አስቀረው። ዘዴው ዛሬ በተለመደው ዓይነቱ ፈሳሽ ከአንድ ሚሊሜትር በታች በሆነ ጠባብ ቦይ ይፈስሳል፤ ሌላ ፍሰት ደግሞ ቅንጣቶቹን ወደ ታችኛው ቀዳዳማ ሽፋን ይገፋቸዋል። ትንንሾቹ በፍጥነት ስለሚሰራጩ ከሽፋኑ ርቀው ፈጣኑ መካከለኛ ፍሰት ውስጥ ይገባሉ፤ ቀድመውም ይወጣሉ። በዓምዱ ቀድሞ የሚወጣው ትልቁ ነው፤ እዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

ከመውጫው ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን መበተኛ ሲገጠም ደግሞ ሁለት ራዲየሶች ይገኛሉ፤ አንዱ የቅንጣቱ ክብደት በውስጡ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ ሌላው በፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። የሁለቱ ጥምርታ ለድፍን ሉል 0.78 ገደማ፣ ለስስ ግድግዳ ክፍት ከረጢት 1 ገደማ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ ባዶ ይሁን ድፍን ሳይከፈት ይታወቃል።

ዘዴው እንከን የለሽ አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ የሚቀር ናሙና አለ፣ በቦዩ ውስጥ የሚቀጥን ሚሴልም ሊፈርስ ይችላል። በደም ውስጥ ደግሞ ፕሮቲኖች ቅንጣቱን ስለሚሸፍኑት በንጹሕ ፈሳሽ የተለካው መጠን ያው ሆኖ አይቆይም። እናም የናኖ መድኃኒት ጥናት ስታነቡ ከአማካዩ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስርጭቱ ምን ይመስላል? በምን ተለየ? በየትኛው ፈሳሽ ተለካ?