ዝናብ የሚመላለስበት አህጉር

የአፍሪካን ካርታ ዘርግተው ይመልከቱ። መሐሉ ላይ፣ ኮንጎ አካባቢ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደኑ ይሳሳል፤ ዛፍ ጣል ጣል ያለበት የሣር ምድር ይመጣል፤ ሳቫና የሚባለው ነው። ቀጥሎ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ በመጨረሻም ሰሃራ። ይህን ቅደም ተከተል በዋናነት የወሰነው ዝናብ ነው።

ዝናቡ መሐሉን ለምን መረጠ? በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙም አትርቅም። መሬቱ ሲግል አየሩ እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ዝናቡን የጨረሰው አየር በከፍታ ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተጉዞ ወደ መሬት ይመለሳል። ሲወርድ እየሞቀና እየደረቀ ስለሚሄድ ደመና አይሠራም። ሰሃራ በረሃ የሆነው በዋናነት ለዚህ ነው፤ በደቡብ ካላሃሪ የደረቀውም እንዲሁ።

ይህ የዝናብ ቀበቶ አንድ ቦታ አይቆምም። ፀሐይን ተከትሎ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ይወርዳል። የእኛ ክረምት የሚገባው ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። ቦረናና ሰሜን ኬንያ ሲወጣም ሲወርድም ስለሚያልፍባቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብላቸዋል።

ታዲያ በጣም የሚዘንብበት ምድር ለኑሮ በጣም ይመቻል? አይመችም። ኮንጎ ደን ውስጥ በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ የአፈሩን ምግብ አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ደን መንጥሮ የዘራ ገበሬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ምርቱ ይቀንስበትና መሬቱን አሳርፎ ሌላ ይመነጥራል።

ከብት ማርባትም ያስቸግራል። እርጥበትና ጥላ የሚወድ የቆላ ዝንብ አለ፤ ገንዲ የተባለውን ከብት የሚያከሳና የሚገድል በሽታ ያስተላልፋል። በሬ ከሌለ ማረሻ የለም። የደኑ ሰው ኑሮውን በካሳቫ፣ በሙዝና በወንዝ ዓሣ ላይ የመሠረተው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ደጋ ላይ በሬ ጠምደን የምናርሰው ከፍታው ስለጠበቀን ነው፦ አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ዝንቡ እምብዛም አይገኝም።

አሁን ወደ ሳህል እንሂድ። ሳህል ከሴኔጋል እስከ ሱዳን የተዘረጋው የሰሃራ ጠርዝ ነው። ዝናቡ በዓመት ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እሱም በሦስትና አራት ወር ያልቃል። የፉላኒ አርብቶ አደሮች በክረምት ከብታቸውን ወደ ሰሜን ይነዳሉ፤ ሣሩ አጭር ቢሆንም ለከብት ጥሩ ምግብ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። እህሉ ስለተሰበሰበ ከብቱ የማሽላ ቃርሚያ ይበላል፤ እበቱም ማሳውን ያዳብራል። ይህን ኑሮ ኋላ ቀር የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ ላለ ምድር ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላውቅም።

የዚህ ኑሮ ዋጋ የሚታየው የዝናብ ቀበቶው እንደ ወትሮው ወደ ሰሜን ሳይዘልቅ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ የሆነው ይኸው ነበር። ዋናው ምክንያት የውቅያኖሶች የላይኛው ውኃ ሙቀት መለዋወጡ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ በእረኞቹ ላይ ሲላከክ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የቻድ ሐይቅ በሃያ ዓመት ውስጥ አብዛኛው ደረቀ። ጦርነት ያባባሰው የእኛም የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የዚያው የድርቅ ዘመን ነው።

ዛሬም ዝናቡ ሲያጥር እረኛው ከወትሮው ቀድሞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሲደርስ እህሉ ገና አልታጨደም፤ የከብት መተላለፊያውም ብዙ ቦታ ታርሷል። በዜና የምንሰማው የገበሬና የእረኛ ግጭት አንዱ መነሻ ይህ ነው።