ርቀቱን ሲዲፎር፣ ፍጥነቱን ቫይረሱ ይናገራል

መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት፣ ኤችአይቪ በአንድ ሰሞን የያዛቸው ሁለት ሰዎች ዕጣቸው ለየቅል ነበር። አንዱ በሁለትና በሦስት ዓመት አልጋ ይይዛል፤ ሌላው ከዐሥር ዓመት በላይ ሥራውን እየሠራ ይቆያል። ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ደማቸው ውስጥ ነው።

ሐኪሞች መጀመሪያ የቆጠሩት ሲዲፎርን ነው፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያስተባብረውን፣ ቫይረሱም ለይቶ የሚያጠቃውን ነጭ የደም ሴል። በጤነኛ አዋቂ አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ባብዛኛው ከ500 በላይ ይገኛል። ከ200 ሲወርድ ተጓዳኝ በሽታዎች በር ያገኛሉ። ይሁንና ቁጥሩ የሚነግረን እስካሁን የጠፋውን ነው፤ ነገ በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ አያሳይም።

ይህን ጉድለት በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው የጆን ሜለርስና የባልደረቦቹ ጥናት ሞላው። የ180 አሜሪካውያን ወንዶችን ተቀምጦ የቆየ ደም መረመሩ። በአንድ ሚሊሊትር የቫይረሱ ቅጂ ከ4,530 ካልበለጠባቸው መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ ኤድስ ደረጃ የደረሱት 8 በመቶ ነበሩ፤ ከ36,270 ካለፈባቸው ግን 62 በመቶ። የቫይረስ ተመራማሪው ጆን ኮፊን ነገሩን ወደ አደጋ በሚገሰግስ ባቡር መስሎታል፦ ሲዲፎር የቀረው ርቀት፣ የቫይረሱ መጠን የባቡሩ ፍጥነት።

ርቀቱ ግን ለሁሉም ከአንድ ጣቢያ አይጀምርም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲፎር ቁጥራቸው ከኔዘርላንዳውያን በግልጽ ያነሰ ነበር። ስለዚህ አንድ ውጤት ብቻውን ከሚያስደነግጥ፣ በየጊዜው ተለክቶ የወጣው አካሄድ ይታመናል።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ሲዲፎሩ የቱንም ያህል ቢሆን መድኃኒት ወዲያው እንዲጀመር ይመክራል። ሲዲፎር ዛሬም የሚለካው ዘግይተው የመጡትን፣ የቲቢና የመሰል በሽታዎች ምርመራ ቶሎ የሚያስፈልጋቸውን ለመለየት ነው። የቫይረሱ መጠን ደግሞ የመድኃኒቱን ሥራ ይከታተላል፤ ክኒን መዋጥ ሲቆራረጥ ወይም ቫይረሱ መድኃኒቱን ሲላመድ፣ ሲዲፎር ገና ሳይወርድ እሱ ከፍ ብሎ ይታያል። ባቡሩ ፍሬኑን እንደለቀቀ የሚታወቀው ርቀቱ ሳያልቅ ነው።