ዘመናዊ ማኅበረሰብ በጥቅሉ ምክንያታዊ ነውን?

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ርእሱን የመረጠው አዘጋጅ ኮሚቴው ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰፊ ጥያቄ ባልደፈርሁ ነበር። አንድ ጊዜ ከተቀበልሁት በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ «ምክንያታዊ» ስንል የተማርንበትን የፍልስፍና ትርጉም ይዘን ነው። በሰፈር ግን «ምክንያተኛ» የሚባለው ሰው ማመካኛ የማያጣ፣ ሥራ ሲሰጡት ሰበብ የሚደረድር ሰው ነው። ቋንቋችን ማስረጃንም ማመካኛንም በአንድ ቃል መጥራቱ ለዛሬው ጉዳያችን መጥፎ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ጥያቄውን በአንድ ሐይቅ ልጀምር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው ሐረማያን ያውቃል። በእኔ የተማሪነት ዘመን ዓለማያ እንለው የነበረው ይህ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ተንጣሎ ይታይ ነበር። የሐረር ከተማ የሚጠጣው ውሃ ከእርሱ ይሳብ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬም ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ከሁሉም በላይ ጫቱን ያጠጣው ከእርሱ ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ሥፍራ የከብት መዋያ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች።

ሐይቁን ማን አደረቀው ብለን ብንጠይቅ አንድ ጥፋተኛ አናገኝም። ገበሬው የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛ፤ ጫት ከእህል ይልቅ ገንዘብ ያስገኛል፤ ገንዘቡ ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ያስቆረቁራል። በተራራው ላይ ያለው ገበሬ መሬት ስለ ጠበበው ተዳፋቱን አረሰ፤ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ተኛ። ከተማው ሕዝቡ በዛና ብዙ ውሃ ሳበ። ከእነዚህ አንዱንም ሞኝ ልል አልችልም። እንዲያውም ሞተር የያዘውን ገበሬ ቀርባችሁ ብትጠይቁት ሒሳቡ እንከን የለውም፤ «እኔ ሞተሬን ባጠፋ ጎረቤቴ አያጠፋም፤ የተውሁት ውሃ ለነገ አይቆየኝም፣ የእርሱ ጫት ይሆናል» ነው የሚላችሁ። ውሃው ሲሸሽ ቱቦውን አስረዘመ። ውሃው ሲያልቅ ደግሞ የሐይቁን ወለል ቆፍሮ ከጕድጓድ ሳበ። ይህም ቢሆን ለእርሱ ልክ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በሀገራችን አንጋፋ ከሆነው የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ተቋም አጠገብ ነው። ዕውቀት ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ነበር። ተመራማሪዎች ውሃው እየጐደለ መሆኑን ከመድረቁ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዝናብ ሲበረታ ሐይቁ ከፊሉ ተመልሷል፤ ጥያቄውም አብሮት ተመልሷል።

ይህን ዓይነት ሁኔታ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የጋራ ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ ብሎ ሰይሞታል። መውጫውም በሁለት መንገድ ታየው፤ ወይ መንግሥት ይቆጣጠረው፣ አለዚያ ለግል ይከፋፈል። ብዙዎቻችሁ የሐረማያን ታሪክ ስትሰሙ በልባችሁ ያላችሁት ይኸው ይመስለኛል። «ድሀ ገበሬ ነው፣ ዘመናዊ አስተዳደር ቢኖር ኖሮ…» ብላችኋል። እንግዲያው ዘመናዊ አስተዳደር ወደ ነበረበት ሥፍራ እንሂድ።

በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከኒውፋውንድላንድ ባሻገር፣ ኮድ የተባለው ዓሣ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል የአውሮፓን ገበታ ሲመግብ ኖሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከብዙ አገሮች ግዙፍ መርከቦች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ ተጠመደ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1977 እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን የዓሣ ክልል በሥልጣኗ ሥር አደረገች። አሁን ባለቤት አለ፤ ሕግ አለ፤ በየዓመቱ ቆጥረው የሚጠመደውን መጠን የሚወስኑ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ። የሃርዲን የመጀመሪያ መድኃኒት ተፈጸመ ማለት ነው።

ከዚያስ? ባለሙያዎቹ ስንት ዓሣ እንዳለ ሲገምቱ ከተጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ትልልቆቹ መርከቦች በአንድ ሰዓት የሚያወጡት መጠን ነበር። ኮድ ግን ቁጥሩ ሲመነምን ተበታትኖ አይቀርም፤ ይሰባሰባል። መርከቦቹ ደግሞ በድምፅ ሞገድ የተሰባሰበበትን ፈልገው የሚያገኙ ናቸው። ስለዚህ ባሕሩ ባዶ እየሆነ ሳለ መረቡ ሙሉ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥርም «ደኅና ነን» ይል ነበር። በትንንሽ ጀልባ በጠረፉ ዳር የሚያጠምዱት ሰዎች በ1980ዎቹ ዓሣው አነሰ፣ መጠኑም አጠረ ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ግን ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባ ቁጥር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ባለሙያዎቹ ራሳቸው ስሕተታቸውን ተረድተው የሚጠመደው ወደ 125,000 ቶን ዝቅ ይበል ሲሉ፣ መንግሥት የፋብሪካ ሠራተኛው ሥራ ያጣል ብሎ 235,000 ቶን ፈቀደ። ሰብአዊ ውሳኔ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ሐምሌ 2 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ግን ማጥመድ በአዋጅ ታገደ፤ 30,000 ያህል ሰው በአንድ ቀን ከሥራው ወጣ። ለሁለት ዓመት የተባለው እገዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈየ።

በሐረማያና በኒውፋውንድላንድ መካከል ያለውን ልዩነት ስመለከት የሚያስደነግጠኝ ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ነው። በአንዱ ሥፍራ ሕግ አልነበረም፤ በሌላው ሕግ፣ ሳይንስና ገንዘብ ነበሩ። ሁለቱም ያልነበራቸው ነገር አንድ ነው፤ በጠርዙ ላይ ያለው ሰው ያየውን ወደ ውሳኔው ቦታ የሚያደርስ፣ ደርሶም የሚያስቆም መንገድ።

እዚህ ላይ ማክስ ቬበርን ሳልጠራ ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። ቬበር እ.ኤ.አ. በ1920 ካረፈ በኋላ በታተመው ታላቅ ሥራው ሁለት ዓይነት ምክንያታዊነትን ይለያል። አንዱን ቅርጻዊ እንበለው፤ ስሌቱ የተጣራ፣ ደንቡ የታወቀ፣ መዝገቡ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ይዘታዊ እንበለው፤ ውጤቱ ሰዎች ከሚያከብሩት ዓላማ አንጻር ሲመዘን መልካም መሆኑ ነው። የቬበር ሥጋት ዘመናዊው ዓለም በመጀመሪያው እየጠነከረ በሄደ ቍጥር ሁለተኛውን መጠየቅ ይረሳል የሚል ነበር።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሀብ የሕንዱ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፉ መርምሮታል። ግኝቱ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። በወሎ ዝናብ ጠፍቶ አዝመራው ወድቋል፤ በሀገር ደረጃ ግን የእህሉ ምርት ያን ያህል ሞት የሚያመጣ ጕድለት አልነበረበትም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንኳ እጅግ አልናረም። ለምን? ገበሬውና ከብት አርቢው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። በገበያ ቋንቋ የገንዘብ ድጋፍ የሌለው ረሀብ «ፍላጎት» ተብሎ አይቈጠርም። እንዲያውም ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ ሳለ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበር። ነጋዴው እህሉን ዋጋ ወዳለበት ወሰደ። ሾፌሩ መኪናውን ነዳ። የመዝገብ ሹሙ ደረሰኝ ቈረጠ። ቅርጹ ሁሉ ልክ ነበር። አንድ ሥርዓት ሁሉንም ደንብ ጠብቆ፣ አንድም ስሌት ሳያዛባ፣ ሰው ሊያስርብ ይችላል።

አሁን አንድ ብልህ አድማጭ ሊቃወመኝ ይችላል፤ «ማኅበረሰብ አእምሮ የለው፤ እንዴት ምክንያታዊ ነው ወይም አይደለም ይባላል?» ይላል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ያሳየው ይህንኑ ነው። አንድ ቀበሌ በጀቱን ለውሃ፣ ለመንገድ ወይስ ለትምህርት ቤት ያውል እንበል። አንዱ መራጭ ውሃን ከመንገድ፣ መንገድን ከትምህርት ቤት ያስቀድማል። ሁለተኛው መንገድን፣ ከዚያ ትምህርት ቤትን፣ ከዚያ ውሃን። ሦስተኛው ትምህርት ቤትን፣ ከዚያ ውሃን፣ ከዚያ መንገድን። ድምፅ ቢሰጥ ውሃ መንገድን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ መንገድ ትምህርት ቤትን ያሸንፋል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ተመልሶ ውሃን ያሸንፋል። ሦስቱም ሰዎች ጤነኞች ናቸው፤ ቀበሌው ግን ክብ ይዞራል። ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1951 ይህ የአንድ የድምፅ አሰጣጥ ጕድለት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ አማራጭ ሲኖር ጥቂት ተገቢ የሚመስሉ መመዘኛዎችን ሁሉ አብሮ የሚያሟላ የምርጫ ደረጃ አወጣጥ ደንብ እንደሌለ በሒሳብ አረጋገጠ። እንግዲህ ከማኅበረሰብ የአንድ አስተዋይ ሰው ዓይነት ወጥነት መጠበቅ አይገባንም። ይህን እቀበላለሁ። ሐይቅን ከማድረቅ መታቀብ ግን ያን ያህል ወጥነት አይጠይቅም።

እንዲያውም ታቅበው የኖሩ አሉ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበት ሣር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ይህን ሥፍራ ቀሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። መሬቱ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። የተመረጡ ሰዎች ይጠብቁታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል፤ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል። ክፉ የድርቅ ዘመን ሲመጣም ለከብቱ መጠጊያ ይሆናል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ የሚታዩት ማንም ስለ ብዝኀ ሕይወት ሴሚናር ስለ ሰጠ አይደለም።

እዚህ ላይ ነገሩን እንዳላሳምረው እጠነቀቃለሁ። ቀሮ የርስት ሥርዓት ነበር፤ መብቱ ከቀደምት አባቶች ዘር ለሚወለድ ነው፤ ያልተወለደ ደጅ ይቀራል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ከርስቱ ጋር ቀሮም ወደቀ። የተገለለው ሰው መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ጠባቂ የሌለው መሬት ግን ለግጦሽና ለማገዶ ሽሚያ ተጋለጠ። ከብዙ ድካም በኋላ የአካባቢው ሰው በአዲስ ኮሚቴና በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። እኔን የሚስበኝ ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ የድሮው ሥርዓት እንደ ነበረ አልተመለሰም፤ ከተለየ የአባልነት መሠረት ጋር እንደገና ተሠራ።

ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው መጽሐፏ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ከየአህጉሩ ሰብስባ መርምራለች፤ በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ከጠቀሰቻቸው አንዱ የስፔኗ ቫሌንሲያ የውሃ ፍርድ ቤት ነው። ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች ዘወትር ሐሙስ እኩለ ቀን በካቴድራሉ ደጃፍ ተቀምጠው የመስኖ ክርክር በቃል ሰምተው በቃል ይፈርዳሉ፤ ዛሬም ድረስ። የኦስትሮም ሐሳብ ሃርዲንን በቀጥታ አይክድም፤ ሃርዲን የገለጸው መነጋገር የማይችሉ ሰዎችን ዓለም ነው ትላለች። መነጋገር፣ መተያየት፣ ቀላል ቅጣት መጣል፣ ደንብን በራስ ማሻሻል የሚቻልበት ሥፍራ ካለ ሒሳቡ ይለወጣል። ያ ሞተር የያዘ ገበሬ «ጎረቤቴ አያጠፋም» ሲል ልክ የነበረው ጎረቤቱ ሲያጠፋ የሚያይበት መንገድ ስላልነበረው ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስና የራሴን ፍርድ ልስጥ። ዘመናዊ ማኅበረሰብ በጥቅሉ ምክንያታዊ ነው ብዬ አላምንም። ሰዎቹ ስሜታዊ ወይም ያልተማሩ ስለሆኑ አይደለም፤ ይህን ማብራሪያ በተማርን ሰዎች መካከል አዘውትሬ እሰማዋለሁ፤ የሚያጽናናን ራሳችንን ስለሚያወጣን ይመስለኛል። ችግሩ በእያንዳንዳችን ማስተዋልና በድምሩ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ዘመናዊነት ሥራን ከፋፈለ፤ ውሳኔውን ከውጤቱ አራቀ። ጫቱ የሚቃምበት ከተማ ሐይቁን አያየውም፤ ኮዱን የሚበላው ሰው የጀልባውን ሰው ድምፅ አይሰማም። ድልድዩ በጓሳ እንደሆነው በአንድ ደጋ ስፋት ሊሠራ ይችላል። በአባይ ተፋሰስ ወይም በዓለም ከባቢ አየር ስፋት ሊሠራ መቻሉን ግን ጓሳ አያረጋግጥልኝም። ኦስትሮም ራሷ ትንንሹ ከትልቁ ጋር በደረጃ ተያይዞ ሊቆም ይችላል ብላ ታምን ነበር፤ እኔ ከእርሷ ይልቅ እጠራጠራለሁ።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ከኋላ ረድፍ የሐረርጌ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለ ሐይቁ የተሳሳትሁት ካለ በመጀመሪያ ከእናንተ ብሰማ እወዳለሁ። ማይክሮፎኑን አሳልፉላቸው።