«ኮምፒውተሬ በቀን ሦስቴ ይሞትብኛል!»

ለቡ መብራት ኃይል ከታክሲ ወርዳችሁ ትንሽ ገባ ስትሉ አንዲት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለች። ቤት አልን እንጂ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቷ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ወጣት ስትሆን ስሟን እንዳናነሳ አደራ ብላናለች። (ደግሞስ ስሟ ምን ያደርግላችኋል? ጉዱ ያለው ኮምፒውተሯ ላይ ነው።)

ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ነው። ታላቅ ወንድሟ ወደ ውጭ ሲሄድ «በዚህ እንጀራሽን ብዪ» ብሎ ትቶላት የሄደው። ኮር ቱ ዱዎ፣ ራሙ ሁለት ባለ 1 ጂቢ፣ በድምሩ 2 ጂቢ። በላዩ ላይ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ሽማግሌ ላይ የጎረምሳ ጃኬት እንደ መደረብ ነው። ቢሆንም ለጽሕፈት ሥራ ይበቃል፤ ዎርድና ፓወር ግዕዝ ከከፈተ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ታዲያ ይኸው ኮምፒውተር አንድ ቀን ዓመል አወጣ። ልጅቷ እየጻፈች ሳለ አንዲት ነጭ ሣጥን ብቅ ትልና «ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር መሥራት አቁሟል» ትላታለች። ሣጥኗን ስትዘጋ በስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ድርግም! ባዶ ሜዳ። ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ስም፦ «ሆስት ፕሮሰስ ፎር ዊንዶውስ ሰርቪስስ»። በማግስቱ የፕሪንተሩን ወረፋ የሚያስተናግደው ስፑለር። አንዳንዴማ ምንም ሳይናገር ጥፍት ብሎ እንደገና ይነሣል። ያውም ደንበኛ ፊት! «እህት፣ ዛሬም ሞተ እንዴ?» እያሉ ይስቁባት ጀመር።

ምን ታድርግ? ለጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አላት። ተደረገ። አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ፤ በስምንተኛው ቀን ያቺው ሣጥን። ሁለተኛ ፎርማት፣ ሁለተኛ ክፍያ፣ አሁንም የሳምንት ሰላም። በሦስተኛው ላይ ግን ጉድ ፈላ። «ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን አልነካም» ያለው ሰውዬ ዲስኩን ጠራርጎት ቁጭ! እዚያ ውስጥ የአንዲት ተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ ነበረ። አራት ምዕራፍ፣ ሰኞ ጠዋት የሚገባ። ደግነቱ የእጅ ጽሑፍ ረቂቁ አልተጣለም ነበር። ልጅቷ ከጎረቤት ኮምፒውተር ለምና ዓርብንና ቅዳሜን ሌሊት በነፃ እንደገና ጻፈችው። «እሷ እያለቀሰች ታነብልኛለች፣ እኔ እያለቀስኩ እጽፋለሁ» ነው ያለችን። ያን ሰሞን ቤቱን ልትዘጋው ምንም አልቀራትም ነበር።

ያወጣት አንድ ደንበኛ ነው። ከጀሞ በኩል የመጡ ጡረተኛ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በኋላም ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ አባት ናቸው። የጡረታ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ ገብተው ሳሉ ኮምፒውተሩ ዓይናቸው እያየ ሞተ።

«ልጄ፣ የሚሞተው ሁልጊዜ አንዱ ነው ወይስ የተለያየ?»

«ኧረ ጋሼ፣ በየቀኑ ሌላ ስም ነው የሚያመጣብኝ!»

«እንግዲያው ስሙን ተይው። ይልቅ ደብተር አለሽ?»

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው፤ እናንተም ያዟት። ሁልጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሶፍትዌር ነው። ፕሮግራሙ ራሱ፣ ድራይቨሩ ወይም አንድ የተበላሸ ፋይል ይሆናል። ዛሬ እገሌ፣ ነገ እገሊት ከሆነ ግን ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበትን ነገር መጠርጠር ነው። ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ሙቀቱን፣ የኤሌክትሪኩን መስመር።

በተለይ ያ «ሆስት ፕሮሰስ» የሚሉት ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ ታክሲ እንጂ ተሳፋሪ አይደለም። በውስጡ ብዙ የዊንዶውስ አገልግሎቶች ተጭነው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲያብድ ታክሲው ይገለበጣል፣ የሚጠራው ግን የታክሲው ስም ነው። ከ2009 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2017) ወዲህ የወጣው ዊንዶውስ 10፣ ራሙ ከ3.5 ጂቢ በላይ በሆነ ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹን አገልግሎቶች በየግል መኪና ያሳፍራል። እንደዚህች ልጅ ባለ 2 ጂቢ ላይ ግን ያው የድሮው ትርፍ ጭነት ነው።

ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ከውጭ የመጣበት ዘመንም ነበር። ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ «ብላስተር»፣ በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሳሰር» የተባሉ ትሎች ዓለምን አጥለቀለቁ። ስክሪኑ ላይ ከ60 ሰከንድ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት ይመጣና ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ በሳሰር ጊዜ የሚወድቀው ኤል–ሳስ የሚባለው የይለፍ ቃል ጠባቂ ፕሮሰስ ነበር። የሚገርማችሁ የሁለቱም ማርከሻ ትሎቹ ከመውጣታቸው በፊት ተለቅቆ ነበር። ማርከሻውን ሳይጭን ፎርማት ብቻ አድርጎ ኢንተርኔት ላይ የሰካ ሰው መልሶ ይያዛል። ፎርማት ያኔም መድኃኒት አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ለቡ እንመለስ። ጋሼ ደብተሩ ላይ አራት መስመር አሰመሩላት። ሰዓቱ፣ ሣጥኗ ያለችው፣ ስትሠራ የነበረው፣ ሌላ ምን በርቶ እንደነበረ። «አራት ቀን ጻፊ፣ ምንም አትንኪ» ብለዋት ሄዱ። አራት ቀን ጻፈች። ደብተሩ ሲነበብ አንድ የመሰለው በሽታ ሁለት ሆኖ ተገኘ! ነጮቹ ሣጥኖች የሚመጡት ብዙ ጽሑፍና ፎቶ አንድ ላይ ስትከፍት ነው። ዝም ብሎ ጥፍት የሚለው ደግሞ የሌዘር ፕሪንተሩ ከእንቅልፉ ሲነቃ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ጋሼ ዊንዶውስ ውስጥ ራሱ ያለውን «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» አስነሡ። ስህተት አለ አለ። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ማብሪያውን ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ካስወጡ በኋላ ሁለቱን ራም አወጡ። የወርቅማውን ጥርስ በተማሪ ላጲስ ፈግፍገው አንድ በአንድ እየሰኩ ፈተኗቸው። (ላጲስ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዴ ጥፋቱ የጥርሱ ማደፍ ብቻ ነው፤ ላጲሱ ያስታርቀዋል።) አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው ታጥቦም ያው ነው፤ ተጣለ።

«ታዲያ ፎርማት ሲደረግ ለምን ይሻለው ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሼም፣ የተሰበረው ደረጃ ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆነ ቤቱ ባዶ ሲሆን ማንም አይወጣበትም አሏት። አዲስ ዊንዶውስ ቀላል ነው፤ ብዙ ራም አይጠይቅም። ፕሮግራሙ፣ ፎንቱ፣ አንቲቫይረሱ ሲጨማመር የተበላሸው ክፍል ይነካል፤ የነካው ሁሉ ይወድቃል። ማንም ይሁን ማን።

ለሁለተኛው መልሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩና የፎቶ ኮፒው ማሽን በአንድ ያረጀ ኤክስቴንሽን ይጠቀማሉ። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ማሞቂያው ሲነሣ በአንድ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። በላላ ሶኬት ላይ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ ያረጀው ፓወር ሰፕላይም መቋቋም ያቅተዋል። «መብራት ኃይል ሰፈር ተቀምጠሽ የመብራትን ነገር እንዴት አልጠረጠርሽም?» ብለው አሳቋት። ፕሪንተሩ ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰካ፣ ኤክስቴንሽኑ ተቀየረ። ዩ.ፒ.ኤስ. ያላችሁ ሌዘር ፕሪንተራችሁን ከባትሪው ጋር አታያይዙ፤ አይችለውም።

ጋሼ ክዳኑ እንደተከፈተ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጣሳ መሳይ ካፓሲተሮችም በዓይናቸው ቃኙ። አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካንጠባጠበ ዕድሜያቸው አልቋል ማለት ነው። የእሷዎቹ ደህና ነበሩ። የማቀዝቀዣው ፋን ግን በአቧራ ተለብጦ ነበርና በብሩሽ ተጠረገ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን እናንተ እንዳትከፍቱ! ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይመታል።

ከእናንተ መካከል «ኢቨንት ቪወርን ከፍቼ ቁጥር 41 የሚል ቀይ ጽሑፍ አገኘሁ» የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ እሱ የሚነግርህ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይነግርህም። ደብተሩ ይሻልሃል።

በእኛ እምነት ፎርማት ኃጢአት አይደለም፤ ቫይረስ ሥር ከሰደደ ግድ ሊሆን ይችላል። ግን የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አይሁን። ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ መገልበጡንም ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁትም። የሲስተም ፋይሎችን የሚጠግነው ኤስ–ኤፍ–ሲ የሚባለው ትእዛዝ ጥሩ ነው። ጠግኖ ሲያበቃ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ፋይል ተበላሽቷል ካለ ግን ራሙን ወይም ዲስኩን አስፈትሹ።

የልጅቷ ኮምፒውተር በ1 ጂቢ እየተንፏቀቀ ጥቂት ቀን ከረመ። በኋላ የሁለት ቀን የኮፒ ገቢዋን ይዛ መርካቶ ወርዳ አንድ ያገለገለ ራም ገዛች። አዲሱንም ሌሊቱን ሙሉ ሳትፈትን ሥራ አላስጀመረችውም። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

አሁን የሚያሳስባት ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ይህ ሽማግሌ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም። ሌላ እስክትገዛ ድረስ የኢንተርኔቱን መስመር ነቅላዋለች። ፋይል በኢሜይል የሚልክላት ሲመጣ በስልኳ ትቀበልና በኬብል ታሻግረዋለች። የደንበኛ ፍላሽም ሳይፈተሽ አይሰካም። ቅር የሚለው ካለ ሌላ ቤት ይሂድ ብላናለች።