የኩላሊት ንቅለ ተከላ ውጤትና መድኃኒቶቹ

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሥራቸውን ባቆሙ ኩላሊቶች ምትክ ከሌላ ሰው የተወሰደ ጤናማ ኩላሊት በቀዶ ሕክምና የሚተከልበት የሕክምና ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ አገልግሎቱ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የተተከለ ኩላሊት ለምን ያህል ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም። ሰውነት ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚያደርጉ መድኃኒቶችን በየቀኑ ሳያቋርጡ መውሰድና የደም ምርመራ ማድረግ የግድ ነው። በዚህ ምክንያት እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ካሉ ከተሞች ለሚመጣ ታካሚ የመድኃኒት አቅርቦትና የመንገድ ርቀት የሕክምናው አንድ ክፍል ናቸው።

ለምን ያስፈልጋል?

ኩላሊት ደምን ያጣራል፣ የውኃና የጨው መጠንን ያስተካክላል፣ የደም ግፊትን በመቆጣጠርም ይሳተፋል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ለረጅም ጊዜ ካልታከሙ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ጉዳቱ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ሲደርስ ታካሚው ሁለት አማራጮች አሉት፤ እነሱም የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) እና ንቅለ ተከላ ናቸው። በማሽን የሚደረግ እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ንቅለ ተከላ የተሳካለት ሰው ከማሽኑ ነፃ ይወጣል፤ በአማካይም በእጥበት ከሚቆይ ታካሚ የበለጠ ዕድሜ ይኖራል።

ሰውነት ባዕድ ኩላሊትን ለምን ያጠቃል?

የሰውነት የመከላከል ሥርዓት የራስን ሕዋስ ከባዕድ የሚለየው በሕዋሶች ገጽ ላይ በሚገኙ ፕሮቲኖች ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ከሰው ሰው ስለሚለያዩ የተተከለው ኩላሊት እንደ ወራሪ ይቆጠራል። ጥቃቱ ሦስት ዓይነት ነው።

፩. ቅጽበታዊ፦ በተቀባዩ ደም ውስጥ አስቀድመው በነበሩ ፀረ-አካላት ምክንያት በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይከሰታል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሁለቱ ሰዎች ደም ተቀላቅሎ የሚመረመረው ይህን ለማስቀረት ነው።

፪. አጣዳፊ፦ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል። በጊዜ ከታወቀ በከፍተኛ መጠን በሚሰጥ ስቴሮይድ ሊታከም ይችላል።

፫. ሥር የሰደደ፦ በዓመታት ውስጥ ኩላሊቱን ቀስ በቀስ ያዳክማል።

አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ሕመም አይሰማውም። የመጀመሪያው ምልክት በደም ውስጥ ያለው የክሬአቲኒን መጠን መጨመር ሊሆን ስለሚችል፣ ደህና ነኝ የሚል ሰውም ቀጠሮውን ማክበር ይኖርበታል።

የመድኃኒቶቹ ታሪክ

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ በዶክተር ጆሴፍ መሬይ የሚመራ ቡድን አከናወነ። ለጋሹና ተቀባዩ ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። መሬይ በዚህ ዘርፍ ባደረጉት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

መንትያ ለሌለው ሰው መፍትሔው መድኃኒት ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዛታዮፕሪን ከስቴሮይድ ጋር አገልግሎት ላይ ዋለ። ቀጥሎ ከኖርዌይ አፈር በተገኘ ፈንገስ ውስጥ ሳይክሎስፖሪን ተገኘ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ተፈቅዶ የንቅለ ተከላን ውጤት በእጅጉ አሻሻለ። ታክሮሊመስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን የጹኩባ ተራራ አካባቢ ከተወሰደ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ ውስጥ ተለየ።

ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደው ጥምረት ሦስት መድኃኒቶችን የያዘ ነው።

• ታክሮሊመስ፦ የመከላከያ ሕዋሶችን የሚቀሰቅሰውን መልእክት ያግዳል። እጅ ማንቀጥቀጥ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። መጠኑ ሲበዛ ራሱን ኩላሊቱን ይጎዳል።

• ማይኮፌኖሌት፦ የመከላከያ ሕዋሶች እንዳይባዙ ያደርጋል። ተቅማጥና የነጭ የደም ሕዋስ መቀነስ ያመጣል። ፅንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት።

• ፕሬድኒሶሎን፦ ብግነትን የሚቀንስ ስቴሮይድ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ክብደት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው «ሲምፎኒ» የተባለው ጥናት በ15 አገሮች 1,645 ታካሚዎችን በአራት ቡድን ከፍሎ አነጻጽሯል። ዝቅተኛ መጠን ያለው ታክሮሊመስ በወሰዱት ዘንድ በአንድ ዓመት ውስጥ አጣዳፊ ጥቃት የደረሰባቸው 12.3 በመቶ ሲሆኑ፣ መደበኛ መጠን ያለው ሳይክሎስፖሪን በወሰዱት ዘንድ ግን 25.8 በመቶ ነበሩ። የኩላሊት ሥራም በታክሮሊመስ ቡድን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ መድኃኒትን በከፍተኛ መጠን መስጠት ሁልጊዜ የተሻለ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ሌላው ትኩረት የሳበ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን አሜሪካ የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ የተተከሉ ኩላሊቶች ሥራ ያቆሙበትን ምክንያት ሲመረምሩ 36ቱ በሰውነት ጥቃት ምክንያት እንደጠፉ አረጋገጡ። ከነዚህ ውስጥ 17ቱ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ያልወሰዱ ታካሚዎች ነበሩ። ስለዚህ መድኃኒት መቋረጥ የተተከለ ኩላሊትን ከሚያሳጡ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

በበለጸጉ አገሮች ከ10 የተተከሉ ኩላሊቶች ከ9 በላይ የሚሆኑት ከአንድ ዓመት በኋላም ይሠራሉ። በሕይወት ካለ ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ደግሞ በአማካይ ከሞተ ሰው ከተወሰደው የበለጠ ዕድሜ አለው።

የመድኃኒት መጠንን ማስተካከል

ታክሮሊመስ በሚጠቅምበትና በሚጎዳበት መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው ይለካል፤ ደሙም የሚወሰደው የጠዋቱ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚወስድ ሰው ማታም 2 ሰዓት ላይ መውሰድ አለበት። ያመለጠን መጠን ለማካካስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ አይመከርም።

ሲዋይፒ3ኤ5 የተባለው ኤንዛይም የሚሠራላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያስወግዱ ከሌሎች ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ የሚደርስ መነሻ መጠን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ይህ ባሕርይ ከአውሮፓውያን ይልቅ በአፍሪካውያን ዘንድ በብዛት ይታያል። ኤንዛይሙን ከሚያዳክሙ የዘረመል ለውጦች አንዳንዶቹ በዋናነት በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ለአውሮፓውያን ታስቦ የተዘጋጀ የዘረመል ምርመራ ሊያልፋቸው ይችላል።

ሌሎች መድኃኒቶችም መጠኑን ይቀይራሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በደም ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ኤሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ግን ይጨምሩታል። የሳንባ ነቀርሳ በስፋት በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ታካሚው ንቅለ ተከላ እንዳደረገ ለማንኛውም ሐኪምና ፋርማሲ ማሳወቅ አለበት።

በኢትዮጵያ

የቅዱስ ጳውሎስ ማዕከል የተቋቋመው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት አቅሙ ያላቸው ታካሚዎች ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይጓዙ ነበር። ማዕከሉ ሥራውን የጀመረው በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚለገስ ኩላሊት ነው። ለጋሹም በአንድ ኩላሊት ጤናማ ሆኖ መኖር እንደሚችል አስቀድሞ በምርመራ ይረጋገጣል፤ ከልገሳው በኋላም የደም ግፊቱን መከታተል ያስፈልገዋል። የሰውነት አካልን መሸጥና መግዛት በሕግ የተከለከለ ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 158 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች። ቡታጅራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች፤ በሆሳዕና መንገድ ከአዲስ አበባ 130 ኪ.ሜ. ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። ከሁለቱም ከተሞች ለክትትል ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ታካሚ የትራንስፖርት ወጪና የሥራ ቀን ይከፍላል። ጠዋት ደም የሚሰጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ማደር ይኖርበታል። መድኃኒቱ ሳያልቅ መግዛት፣ ለመንገድ ሲወጡም ከሚያስፈልገው በላይ መያዝ ይመከራል።

ምግብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥሬ ሥጋ መብላት የለበትም። ለጉራጌ ታካሚ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በመስቀል በዓል ቤተሰብ ከያለበት ተሰብስቦ ክትፎ የሚበላበት ጊዜ ነውና። ጥሬውም ሆነ ለብለቡ ከቶክሶፕላዝማ፣ ከሳልሞኔላና ከኮሶ ትል አያድንም፤ በደንብ የበሰለው ግን ይበላል። ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የባህል መድኃኒቶች ከታክሮሊመስ ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ምክር መወሰድ የለባቸውም። በረመዳንም ሆነ በሌላ ጾም ወቅት የመድኃኒት ሰዓትና የሚጠጣ ውኃ መጠን ስለሚቀየር ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል።

የንቅለ ተከላ ውጤት የሚታወቀው ታካሚዎችን ለዓመታት በመከታተልና መረጃቸውን በመመዝገብ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ቤት ለቤት በመዞር ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለብዙ ዓመታት መዝግቧል። የኩላሊት ተቀባዮችም በዚያው ትዕግሥት ከተመዘገቡ፣ ማን መድኃኒቱን እንዳቋረጠና ለምን እንዳቋረጠ ኩላሊቱ ሥራ ከማቆሙ በፊት ማወቅ ይቻላል።